ገመድ ያዥ ሲጠፋ፦ ለብቻ ዓለት የሚወጣ ሰው መያዣውን እንዴት ይምረጥ?

ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እዚያ ሁለት ጠፍር አለ። አንዱን ጨብጠው ይወጡበታል። ሁለተኛው ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ላይ ያሉት አባት ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር እየሳቡ ያጠብቁታል። እግር ቢያዳልጥ የሚያተርፈው ይኸኛው ነው። ዓለት መውጣት እንደ ስፖርት ሲሠራም መሠረቱ ያው ነው። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ገመድ ይይዛል።

እኛ ጋ ጣጣው ገመድ ያዥ ማግኘት ነው። ሰሜን ሸዋ ገደል ሞልቷል፤ ከጣርማበር እስከ ጀማ ሸለቆ ዓይን እስኪሰለች ዓለት ነው። ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው መታጠቂያ) ያለው ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። ያም ቢሆን ቅዳሜ ሥራ ይገባል፣ እሁድ ሰርግ ይጠራል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ገመዱን ከላይ አስረን፣ ገመድ ያዡን በመሣሪያ ተክተን እንወጣለን። መሣሪያው ገመዱ ላይ አብሮን ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ወደ ታች ስንሄድ ይነክሳል። እዚህ «መያዣ» የምለው እሱን ነው።

ለማን እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ከገመድ ያዥ ጋር በደንብ ያልወጣ፣ ስምንት ቁጥር ቋጠሮን በጨለማ ማሰር የማይችል፣ በገመድ ብቻውን ወርዶ የማያውቅ ሰው ይቆየው። ገመዱ ከላይ ሳይታሰር ከታች እየዘረጉ ለብቻ መውጣት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ አልነካውም። የመሣሪያው የራሱ መመሪያ እኔ ከምለው ጋር ከተጋጨ መመሪያውን ስሙ።

ሰው መያዣ ሊገዛ ሲል የሚጠይቀው «ሲወጡ ገመዱ በመሣሪያው ውስጥ ይፈስሳል ወይ?» ብሎ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «መሃል ገደል ላይ ተንጠልጥዬ ብቀር በምን እወርዳለሁ?» ነው። መያዣ የሚመረጠው ከመውረጃው ተነስቶ ነው። እንዴት እንደሆነ በየደረጃው እንየው።

1. ከመሣሪያው በፊት ዓለቱን እዩ

ጣርማበር ላይ ያለው ባዛልት ነው። ምሰሶ ምሰሶ እየሆነ የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ ስለት ያለው። ጀማ ወረድ ሲሉ ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ልዩነቱ ለእኛ ትልቅ ነው። የባዛልት ጠርዝ ገመድ ይቆርጣል። የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ደቃቁን ገመዱ ላይ ያራግፋል፤ አሸዋ የጠገበ ገመድ መሣሪያውን እየሞረደ ይበላዋል።

ስለዚህ ባዛልት ላይ የምትወጡ ከሆነ ከአሁኑ ሁለት ገመድ አስቡ፤ ለጠርዙም መከለያ ያዙ። ወፍራም የሸራ ጨርቅ ወይም የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ይበቃል፤ እንዳይንሸራተት ግን በቀጭን ገመድ ይታሰር።

ላይኛው ማሰሪያ እርስ በርሱ በማይደጋገፍ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ላይ ይሁን። አንዱ ቢነቀል ሌላው ይያዝ። ወፍ ዋሻ አካባቢ እንዳሉት ያሉ ጎምቱ ጽድና ዝግባ፣ ሥራቸው አፈር ውስጥ በደንብ ከገባ ያስተማምናሉ። ገደል አፋፍ ላይ ስስ አፈር ይዞ የቆመ ባህር ዛፍ አያስተማምንም። አስታ ለማገዶ እንጂ ለነፍስ አይሆንም። ጅብራ ደግሞ ቁመቱ ያታልላል፤ ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው። በነገራችን ላይ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ እዚያ ሳታስፈቅዱ ገመድ አትዘርጉ።

2. ቀጥሎ ገመዱን ምረጡ

መያዣ ብቻውን አይመረጥም። ከገመዱ ጋር ነው የሚሠራው። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ብዙም የማይለጠጥ፣ ስታቲክ የሚባለው ገመድ ነው። ውፍረቱ ከ10 እስከ 10.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጫፉ ላይ ኢ.ኤን. 1891 ዓይነት ኤ የሚል የአውሮፓ ደረጃ ምልክት ፈልጉ።

ለምን? የሚለጠጠው ገመድ የሰው ክብደት ብቻ ሲያርፍበት እስከ 8 በመቶ ሊረዝም ይችላል። 30 ሜትር ከፍታ ላይ ታስሯል እንበል። ከታች ጀምራችሁ 2 ሜትር ላይ እግራችሁ ቢስት ከበላያችሁ ያለው 28 ሜትር ገመድ 2.2 ሜትር ገደማ ሊረዝም ይችላል። ማለትም መያዣው በትክክል ነክሶላችሁ፣ እናንተ መሬት ላይ ናችሁ። በዚያ ላይ የሚለጠጥ ገመድ እየሳበና እየለቀቀ ጠርዝ ላይ ራሱን ይሞርዳል።

የመኪና ጭነት የሚታሰርበት ናይለን ገመድ መርካቶም ደብረ ብርሃንም በርካሽ ይገኛል። ለጭነት ይሁን። ምን ያህል እንደሚሸከም የተጻፈበት ነገር የለም፣ መያዣዎቹም ለእሱ አልተሠሩም።

3. የመያዣ ዓይነቶችን ለዩ

ጥርስ ያላቸው አሉ። ለዚህ ሥራ ዛሬ ብዙ ሰው እጅ ላይ የምታዩት ማይክሮ ትራክሽን የዚህ ወገን ነው። የፈረንሳዩ ፔትዝል ምርት ነው። ክብደቱ 85 ግራም፣ የሚቀበለው ገመድ ከ8 እስከ 11 ሚሊ ሜትር። ስታዩት ትንሽ ካሩኮላ ነው። ገመዱ በካሩኮላውና በጥርሳሙ ካም (ተንቀሳቃሽ መንከሻው) መካከል ያልፋል። ወደ ላይ ስትሄዱ ካሙ ፈቀቅ ይላል። ክብደት ሲያርፍበት ጥርሶቹ የገመዱን ልባስ ነክሰው ቀጥ ያደርጉታል። ገመዱ ሲፈስ የሚሰማ አይመስልም፤ ለዚህ ነው የተወደደው። ፔትዝል ቤዚክና ክሮልም ጥርሳሞች ናቸው።

ጥርስ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ኃይሉ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ሲደርስ ጥርሱ ልባሱን ሊቀደው ይችላል። ያን ያህል ነው ወይ? 80 ኪሎ ሰው ዝም ብሎ ሲንጠለጠል 0.8 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። ገመዱ ሳይላላ የወደቀ ሰው ኃይሉ የዚያ እጥፍ ገደማ ነው፤ ከ4 ገና ይርቃል። አደጋው የላላ ገመድ ነው፤ በተለይ ማሰሪያው አጠገብ። እዚያ ያለው ገመድ አጭር ስለሆነ የሚለጠጥ ነገር የለውም፣ ምቱን በሙሉ ጥርሱ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከማሰሪያው በታች ቁሙ። ከማሰሪያው በላይ በጭራሽ አትውጡ።

ማይክሮ ትራክሽንን በእጃችሁ ይዛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካሙን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ከፍታችሁ ማቆም ትችላላችሁ። ለጭነት መጎተቻ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው። ለእኛ ግን ካሙ ተከፍቶ ቀረ ማለት ገመዱ ላይ ምንም የለም ማለት ነው። የነጠላ ጫፍ፣ የጃኬት ገመድ፣ ትንሽ ጭራሮ እንኳ ካሙ ሥር ከገባ ያው ነው። ልብሳችሁን ሰብስቡ፤ ከመነሳታችሁ በፊት መያዣውን ወደ ታች ጠበቅ አድርጋችሁ ጎትቱና መንከሱን እዩ።

ጥርስ የሌላቸውም አሉ። የፈረንሳዩ ታዝ የሚሠራው ሎቭ አንዱ ነው። ገመዱን ጨምቆ ይይዛል፤ ልባስ አይቀድም። ከሁሉ በላይ በዚያው መሣሪያ መውረድ ይቻላል። ዋጋው ይቆነጥጣል፣ ገመዱም እንደ ማይክሮ ትራክሽን ልስልስ ብሎ አይፈስም። ግን ከላይ ያነሳሁትን የመጀመሪያ ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው።

የፔትዝል ሻንት ድሮ ለዚህ ሥራ ብዙ ይያዝ ነበር። ጥርስ የለውም። እንዲይዝ ግን እጅ መልቀቅ አለበት። የሚወድቅ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ያገኘውን ጭብጥ ያደርጋል። ሻንትን ከጨበጡት አይይዝም። ዓለት ተጭኖት ቢከፍተውም ያው ነው። እኔ ለብቻ መውጫ አልመርጠውም።

ስለ ሳይለንት ፓርትነር ሰምታችሁ ይሆናል። ከበሮ መሳይ ነገር ላይ ገመድ ተጠምጥሞ፣ ፍጥነት ሲበዛ እንደ መኪና ቀበቶ የሚቆልፍ የአሜሪካ ሥራ ነበር። ማምረቱ ቆሟል። ያገለገለው ሲገኝ በውድ ይሸጣል፤ ታሪኩን ሳታውቁ ግን አትግዙ።

ግሪግሪስ? ግሪግሪ፣ ገመድ ያዥ የሚጠቀምበት ሲሳብ የሚቆልፈው የፔትዝል መሣሪያ፣ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን መያዣ አይደለም። ስትወጡ ገመዱን በእጅ ካልሳባችሁለት ከበላዩ ይላላል። ቦታው መውረጃ ላይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

4. አንድ መያዣ አይበቃም

ይህ የእኔ ፍራቻ ብቻ አይደለም። ፔትዝል ራሱ በተዘረጋ ገመድ ለብቻ ለሚወጣ ሰው ባወጣው ምክር ሁለት መያዣ ያዙ ይላል። ሁለቱም በአንድ ገመድ፣ ወይም እያንዳንዱ በየራሱ ገመድ። በአንድ ገመድ ሲሆን አንዱ መያዣ ቢከዳ ሌላው አለ፤ ገመዱ ከተቆረጠ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የባዛልቱን ጠርዝ አስታውሱ።

ሁለቱ የተለያየ አሠራር ይኑራቸው። ሁለቱም ጥርሳም ከሆኑ የጠዋት ውርጭ ወይም ጭቃ ሁለቱንም በአንዴ ሊያሳስታቸው ይችላል። ጥርስ መሃል ጭቃ ሲሞላ ጥርስ መሆኑ ይቀራል። ከተቻለ አንዱ ጥርሳም፣ ሌላው ጥርስ አልባ ይሁን።

አቀማመጣቸው ደግሞ እንዲህ ነው። የታችኛው የሃርነሱ ዋና ቀለበት ላይ ቁልፍ ባለው ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ይገባል። የላይኛው በአጭር ስሊንግ (ጠንካራ የጨርቅ ቀለበት) ከሃርነሱ ጋር ተያይዞ፣ በላስቲክ ከአንገት ወይም ከደረት ወደ ላይ ይሳባል። ላስቲኩ ክብደት አይሸከምም፤ መያዣው ከሰውነት ጋር አብሮ እንዲወጣና ከታችኛው ጋር እንዳይጋጭ ብቻ ነው። ስሊንጉን አታርዝሙት። መያዣው ነክሶ ስትንጠለጠሉ እጃችሁ የማይደርስበት ቦታ ከቀረ ቀኑ ይረዝማል። ካራቢነሮቹም ይለያዩ፤ ሁለት መያዣ በአንድ ካራቢነር ማለት አንድ መያዣ ማለት ነው።

5. መውረጃውን አብራችሁ ግዙ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥርሳም መያዣ ክብደት ካረፈበት አይከፈትም። መክፈት የሚቻለው ክብደታችሁን ስታነሱለት ነው። ተንጠልጥላችሁ፣ ዓለቱ እግር ማሳረፊያ ከሌለው፣ ምኑን ትረግጣላችሁ? ታች ሆኖ «ልቀቅልኝ» የምትሉት ሰው የለም። ሃርነስ ላይ ዝም ብሎ ብዙ መንጠልጠል ደግሞ በራሱ አደጋ ነው፤ ደም እግር ላይ ይጠራቀማል።

ስለዚህ ማይክሮ ትራክሽን የምትገዙ ከሆነ አብራችሁ ግሪግሪ፣ 120 ሴንቲ ሜትር ስሊንግ እና ፕሩሲክ (ዋናው ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ክብደት ሲያርፍበት የሚይዝ ቋጠሮ) የምታስሩበት 6 ሚሊ ሜትር ቀጭን ገመድ ግዙ። ለእነዚህ ብር ካልተረፈ መያዣውም ይቆይ። አወራረዱ እንዲህ ነው፦

ሀ. መያዣው ላይ ተቀመጡ። ከእናንተ በታች ያለውን ገመድ ወደ ላይ ሳቡና ስምንት ቁጥር ቋጠሮ ቋጥሩበት፣ ሃርነሱ ላይ በካራቢነር አስገቡት። ይሄ መጠባበቂያ ነው።

ለ. ግሪግሪውን ከመያዣዎቹ በታች ገመዱ ላይ አስገቡ፤ ሃርነሱ ላይ አያይዙ፣ ካራቢነሩን ቆልፉ።

ሐ. ከመያዣዎቹ በላይ ፕሩሲክ እሰሩ፣ ስሊንጉን አንጠልጥሉበት፣ እግራችሁን አስገቡ።

መ. ስሊንጉ ላይ ቁሙ። ስትቆሙ በግሪግሪው ውስጥ ያለውን ትርፍ ገመድ ሳቡ። ክብደት የለቀቀውን መያዣ አውጡ። ግሪግሪው መወጠሩን አይታችሁ ሁለተኛውን አውጡ።

ሠ. ግሪግሪው ላይ ተቀመጡ፤ መያዙን ካረጋገጣችሁ በኋላ ፕሩሲኩን ፍቱ፣ መጠባበቂያውን ፍቱ፣ ውረዱ።

ሲነበብ ቀላል ነው። ንፋስ እየገፋችሁ፣ ጣታችሁ ደንዝዞ፣ ከእግራችሁ በታች የጣርማበር ጉም ሲርመሰመስ ቀላል አይደለም። ያኔ ነው ሎቭ ለምን ውድ እንደሆነ የሚገባችሁ።

6. ስትገዙ

አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን ገብታችሁ እነዚህን መሣሪያዎች ከሱቅ አነሳለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። አብዛኛው የሚመጣው ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። አምጡልኝ ስትሉ ስሙን ብቻ ሳይሆን የገመዱን ውፍረት አብራችሁ ጻፉ። የአጎት ልጅ በሙሉ ፍቅር የ13 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ገዝቶ ሊመጣ ይችላል፤ እናንተ ያላችሁ የ10 ገመድ ነው። ምስጋናም ቅሬታም ይቸግራል።

የኢንተርኔት ገበያ ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ «ፔትዝል» ካያችሁ ተጠራጠሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱን ምርት አስመስለው የተሠሩ ሐሰተኛ ዕቃዎች መኖራቸውን አስጠንቅቆ ነበር። ማርክና ተከታታይ ቁጥሩ መቀረጹን፣ የካሙ ስፕሪንግ ሳይቆራረጥ መመለሱን፣ ሪቬቱ አለመወዛወዙን እዩ። የሕንፃ ሠራተኛ ሃርነስ ከጀርባ የሚያያዝ ስለሆነ ለዚህ አይመችም፤ ያን ለሕንፃው ተዉት።

7. መሬት ላይ ሞክሩት

አንድ ጠንካራ ዛፍ ላይ ገመዱን እሰሩ፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ በሉ። ተንጠልጠሉ። ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን አወራረድ ከ«ሀ» እስከ «ሠ» ሥሩት። ከዚያ በጓንት ሥሩት። ከዚያ ሲመሽ። እጃችሁ ሳይፈልግ ካገኘው ገደሉ ጋ ሂዱ።

እዚያው መያዣው ገመዱን ማሳለፉንም እዩ። ስትጀምሩ ከሥር ያለው ገመድ ቀላል ስለሆነ መያዣው ገመዱን ይዞት ወደ ላይ ይመጣል፤ ገመዱም ይላላል። መፍትሔው ገመዱ ጫፍ ላይ ክብደት ማንጠልጠል ነው። ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ፣ መሬት ሳይነካ ማሰር። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ የገመዱ የራሱ ክብደት ሥራውን ይረከባል።

8. ላይ ያለውን ቋጠሮ ማን ይጠብቀዋል?

ይህን የውጭ መመሪያዎች አይጽፉትም። እኛ አገር ግን ገደል አፋፍ ባዶ አይደለም። እረኛ አለ፣ ከብት አለ፣ ሳር አጫጅ አለ። ደማቅ ገመድ ዛፍ ላይ ታስሮ ያየ ልጅ ይነካካዋል፤ ልጅ ነው። እናንተ ደግሞ 30 ሜትር ሥር ናችሁ።

ስለዚህ ከማሰራችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ። ምን እንደምትሠሩ አስረዱ። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ልጄ፣ ገመዱን የሚይዝልህ ሰው የታለ?» «መሣሪያው ነው አባቴ፤ ላይ ያለውን ቋጠሮ ግን እርስዎ ይዩልኝ።» እንዲህ ሲባሉ አደራ ነው፤ ልጅ አያስጠጉም። ቤተ ክርስቲያን ወይም ጠበል ያለበትን ገደል ተዉት። ጥንብ አንሳ ጎጆ የሚሠራበትንም እንዲሁ።

ጭላዳዎች ገደሉ ላይ ነው የሚያድሩት። ጠዋት ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ ማታ ሲመለሱ ድንጋይ ያንከባልላሉ። ሄልሜት አድርጉ፤ በእነሱ ሰዓትም ሥራቸው አትገኙ። የት እንደሆናችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ንገሩ። ስልክ ገደሉ ሥር ላይሠራ ስለሚችል ከመጀመራችሁ በፊት ኔትወርክ ያለበትን ቦታ እወቁ። የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ወደ ቤት ስትመለሱ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ እለፉበት። ደጋው ላይ ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነ ናይለንን ታደክማለች፤ ገመዱን ከረጢት ውስጥ አስቀምጡት። ካሙን በጥርስ ብሩሽና በለብታ ውሃ እጠቡ፤ ጥርሱ ከተሞረደ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ጡረታ ይውጣ። ልባሱ ተቦጭቆ የውስጡ ነጭ ከታየ፣ ወይም ጣታችሁ ስትዳብሱት ለስልሶ የሚታጠፍ ቦታ ካገኘ፣ ያ ገመድ ለሰው አይሆንም። ሁለት ሁለት ሜትር አድርጋችሁ ቆራርጡት፤ ማንም እንዳይወጣበት። ከዚያ ለዚያ ቋጠሮውን ለጠበቁላችሁ አባት ስጧቸው፤ ለጥጃ ማሰሪያ ግሩም ነው።